ተንበርክኮ የሚያድረው መኪና

ከአሰላ በወጣሁበት ምሽት ባለቤቴ ሶፊያ አላለቀሰችም። ጎበዝ ናት ብላችሁ እንዳታደንቋት፤ ተናዳ ነው። ውጭው ይዘንባል፣ ቆርቆሮው ይንኳኳል፣ እሷ ለመንገዴ የሠራችውን ጭኮ በላስቲክ ዕቃ ትጠቀጥቃለች፤ እኔን የምትጠቀጥቅ ነው የሚመስለው። ልጃችን ሂክመት ገና መዳህ የጀመረች ጊዜ ነው፤ ሻንጣዬ ላይ ወጥታ አልወርድም ትላለች። "ስማ ጀማል" አለችኝ ሶፊያ፣ "ወይ ትመለሳለህ፣ ወይ ታስመጣናለህ። በስልክ የሚያድግ ልጅ የለኝም።" እሺ አልኳት። እሺ ማለት ምን ይከብዳል!

ሹፌር ነበርኩ። ከኢተያ ስንዴ ጭኜ አዳማ አራግፋለሁ፤ በክረምት ወደ ጢቾ የወጣሁበትን ጭቃ ደግሞ እኔና ፈጣሪ ነን የምናውቀው። መንገዱ ሰላም ሲያጣ የመኪናው ባለቤት መኪናቸውን ሸጡትና እኔ ቁልፍ የሌለው ሹፌር ሆኜ ቀረሁ። የወጣሁት ለዚህ ነው። ሱዳንን፣ ሊቢያን፣ ባሕሩን እዚህ አልተርክላችሁም፤ ያለፈበት ያውቀዋል፣ ያላለፈበት ቢነግሩትም አያምን። ጭኮው ግን መተማ ሳንደርስ ማለቁ ይታወቅልኝ።

የገባሁት ስዊድን ነው፣ ያውም ሰሜኑ፣ ጫካው ውስጥ። ከጭላሎ የሚወርደውን ንፋስ ብርድ ነው እያልኩ ያማረርኩበትን ዘመን ይቅር ይበለኝ። እዚህ ብርዱ አይነፍስም፤ ቁጭ ብሎ ይጠብቅሃል። ዳቦው ይጣፍጣል፣ ዓሣው ይጣፍጣል፣ ሁሉ ነገር ስኳር አለው፤ የበርበሬ ያለህ የሚያሰኝ አገር። ሰዉ ደግሞ ክፉ አይደለም። ሰላም ትለዋለህ፣ ሰላም ይልሃል፣ አለቀ። ልጆቹ ደህና ናቸው ወይ፣ ከብቱ ደህና ነው ወይ የሚል የለም። ቀስ በቀስ ለመድኩት ብላችሁ ውሸቴን ነው።

የመኖሪያ ፈቃዱ ከብዙ ደጅ ጥናት በኋላ ወጣልኝ። ቤተሰብ ለማስመጣት ግን ቋሚ ሥራ ይፈልጋሉ። ጉዳዬን የያዘችው ሴትዮ እንዲህ ጠየቀችኝ።

"ሥራ አለህ?"

"አለኝ፣ ምግብ ቤት ዕቃ አጥባለሁ።"

"ቋሚ ነው?"

"ባለቤቱ ይወደኛል።"

"መውደዱን አልጠየቅኩም።"

ከዚያ "ቲቬር" አለች። ቲቬር ማለት ያሳዝናል ግን አይሆንም ማለት ነው። ከስዊድንኛው ሁሉ ቀድሜ የለመድኩት ቃል ይኼ ነው፤ በፈገግታ ነው የሚሉት፣ እሱ ነው የሚያናድደኝ።

ዕቃ አብሮኝ የሚያጥብ ሀብቶም የሚባል ኤርትራዊ ወንድም አለ። እሱ ነው ጫካው ውስጥ ያለ የጣውላ ፋብሪካ ሰው እንደሚፈልግ የሰማልኝ። ሄድኩ። አለቃው ክንዴን አየ፣ ወደደው። ሥራው ቋሚ ነው፣ ፊርማ ያለበት፣ ያቺ ሴትዮ የምትፈልገው ዓይነት። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ፦ "መኪና አለህ?" ፈረቃው የሚገባው ንጋት ላይ ነው፣ በዚያ ሰዓት አውቶቡስ የለም። መንጃ ፈቃዳቸውን ወድቄ ተነሥቼ አውጥቻለሁ፤ መኪና ግን የለኝም። "አለኝ" አልኩት። "እንግዲያው የሚመጣው ሳምንት ሰኞ ጀምር" አለኝ። ስወጣ በረዶው ላይ ተንበርክኬ ሱጁድ ወረድኩ። ሶፊያና ሂክመት መጡ ማለት እኮ ነው!

አሁን ጋሽ ላርሽን ላስተዋውቃችሁ። የምኖረው እሳቸው ቤት ምድር ቤት ውስጥ ነው። ጡረታ የወጡ የጥርስ ሐኪም ናቸው፣ ሰማንያን ያለፉ። እዚህ አገር ሽማግሌውንም ሕፃኑንም በስሙ ነው የሚጠሩት፤ እኔ ግን አባቴን የሚያህሉ ሰው "ላርሽ!" ብዬ መጥራት ምላሴ እምቢ ስላለኝ ጋሽ ላርሽ አልኳቸው፣ እሳቸውም ለመዱት። ጋራዣቸው ውስጥ አንድ የጀርመን መኪና ነበር። ኮምቢ ይሉታል፣ ኋላው እንደ ሳሎን የሰፋ። አራቱም እግሩ ይጎትታል። ወንበሩ ቆዳ ሆኖ ከሥር ያሞቃል። እኛ ጋ እንዲህ ያለ መኪና ውስጥ የሚቀመጠው መስታወቱን የማያወርድ ሰው ነው። ጋሽ ላርሽ በኤሌክትሪክ የሚሄድ ገዝተው እሱን ሊሸጡት ፈልገዋል፤ ዋጋው ደግሞ ከሚጢጢዬዎቹ መኪኖች ያነሰ!

እዚህ ላይ ነው አገሬ ጉድ ያደረገችኝ። እኛ አገር መኪና ሲያረጅ ዋጋው ይጨምራል። ሰው ነድቶ ነድቶ፣ ልጅ ድሮበት፣ ከገዛበት በላይ ይሸጠዋል። ስለዚህ የመኪናውን ርካሽነት ሳይ "እነዚህ ሰዎች የዕቃ ዋጋ አያውቁም" አልኩ እንጂ "ምን ሆኖ ነው?" አላልኩም።

ሌላም አለ። አሰላ ከብት ገበያ በሬ ስትገዛ ሻጩ ራሱ ነው በሰው ፊት እንከኑን የሚናገረው፤ "ይኼ በሬ ይራገጣል፣ ግራ ዓይኑ አያይም፣ ኋላ አልሰማሁም እንዳትል" ይላል። ደብቆ ከተገኘ ሽማግሌ ይቀመጥና በሬው ይመለሳል። ታዲያ ሻጩ ትልቅ ሰው ከሆነ ገዢው ምን ጎድሎት ነው ብሎ አይጠይቅም። ሌባ ነዎት ወይ እንደማለት ነው፣ ነውር ነው። እኔም በዚሁ አደግኩ፣ በዚሁ ገዛሁ።

"ከሥሩ ገብተህ አታየውም?" አሉኝ ጋሽ ላርሽ።

"ኧረ እርስዎ እያሉ!"

"መካኒክ አታመጣም?"

"ምን በወጣኝ!"

"የምትጠይቀኝ ነገር የለም?"

"እርስዎን አይቻለሁ፣ ይበቃኛል።"

መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝ። "ሹፌር ነበርኩ ብለኸኛል፣ አይደል?" አሉ። አዎ አልኩ፣ በኩራት። "እንግዲህ አንተ ታውቃለህ" አሉና ቁልፉን ሰጡኝ። እጃቸውን በሁለት እጄ ያዝኩት። መርቁኝ ልላቸው አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ ምርቃትን በስዊድንኛ ምን እንደሚሉት ስለማላውቅ ተውኩት።

ያን ቀን ሀብቶምን ጎኔ አስቀምጬ ከተማው አጠገብ ያለውን ሐይቅ ዞርነው። ሀብቶም ወንበሩ ሲሞቅለት "ጀማል፣ ይኼ እኮ ፍራሽ ነው፣ እንዳያስተኛኝ" ይላል። ቪዲዮ ቀርጬ ለሶፊያ ላክሁ። ማታውኑ አማቴ አባባ ከድር ሰፈሩን ዞረው አሳይተውታል። የአጎቴ ልጅ ደግሞ "ለዴራ መንገድ ይሆናል፣ አንተ ሌላ ግዛና እሱን ላከው" ብሎ መልእክት ጻፈልኝ። ሶፊያ ምንም አልጻፈችም፤ ደውላ ብዙ ሳቀች። እንደዚያ ስትስቅ ከሰማኋት ዓመታት አልፈዋል።

ጋራዡ የጋሽ ላርሽ ስለሆነ መኪናውን ግቢው ውስጥ፣ ውጭ ነበር ያሳደርኩት። ጠዋት ብወጣ ተንበርክኳል። ዴራ ላይ ግመል ሲጭኑት አይታችሁ እንደሆነ፣ ልክ እንደዚያ። ገላው ወርዶ ጎማውን ውጦታል። ላስነሣው ብል አቃሰተና ተመልሶ ተኛ። ግቢው ድረስ ጠርቼ ያሳየሁት መካኒክ ነገሩን በአጭሩ ነገረኝ፦ ይኼ መኪና እንደሌላው በሞላ አይደለም የሚቆመው፣ በአየር ነው፤ የአየር ከረጢቶቹ ተበሳስተዋል፣ አየር የሚሞላውም ሞቷል። ማሠሪያው መኪናው ከተገዛበት ይበልጣል። "ጣለው" አለኝ። መኪና ጣለው ሲባል የሰማሁት በዕድሜዬ ያን ጊዜ ነው።

እኔ የጢቾን ጭቃ የወጣሁ ሰው መኪና ልጥል? ከሀብቶም ጋር ሆንንና አሮጌ የጭነት መኪና ጎማ ፈልገን፣ ቆርጠን፣ ደራርበን፣ በአራቱም በኩል ወሽቀን ጠፍረን አሰርነው። መኪናው ቆመ! እንደ ጋሪ ያንገጫግጫል እንጂ ይሄዳል። አሰላ ቢሆን ጎሚስታው ራሱ "እጅህ ይባረክ" ብሎኝ ዓመት እነዳው ነበር። ግን የመኪናው ዓመታዊ ምርመራ ቀን ደርሶ ኖሯል፤ እዚህ ሳይመረመሩ መንዳት የለም።

መርማሪው ልጅ እግር ነው። ከሥሩ ገብቶ ቆየ። ሲወጣ ጓደኛውን ጠራው። ጓደኛው አይቶ ሦስተኛ ሰው ጠራ። ስልክ አውጥተው ፎቶ አነሡ።

"ይኼ ምንድነው?"

"ጎማ ነው።"

"ጎማ መሆኑን አይቻለሁ። እዚያ ምን ይሠራል?"

"መኪናውን ይዟል።"

"ማን ነው ያስገባው?"

"እኔ ነኝ" አልኩ። የሚያደንቀኝ መስሎኝ ነበር፣ አላህን።

"ሾርፎርቡድ" አለኝ። መንዳት ክልክል ነው ማለት ነው፣ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ።

"ቤቴስ በምን እገባለሁ?"

"አውቶቡስ አለ።"

"መኪናውስ?"

"ጎታች መኪና ጥራለት።"

"ሰኞ ሥራ እጀምራለሁ እኮ፣ ወንድሜ። ሚስትና ልጅ አሉኝ።"

"ቲቬር" አለ። ደግሞ እውነት አዝኖልኝ ነበር፤ ፊቱ ያስታውቃል። ክፉ ቢሆን እሰድበውና ይወጣልኝ ነበር።

የወሸቅነውን ጎማ አስወጡኝና መኪናው ተጎትቶ ገብቶ ግቢው ውስጥ እንደገና ተንበርክኮ ተጋደመ። ቅዳሜ ሀብቶምን ሽማግሌ አድርጌ ጋሽ ላርሽ ዘንድ ሄድኩ። ሀብቶም ኮት ተውሶ ለብሷል፤ በትር ብቻ ነው የጎደለው። ጋሽ ላርሽ በደስታ ተቀበሉን፣ ቡሌ የሚሉትን ቀረፋ ያለበት ዳቦ አቀረቡ። ሀብቶም ጉሮሮውን ጠርጎ ጀመረ፦ "አባታችን፣ ይኼ ልጅ አምኖዎት ነው የገዛው። መኪናው ግን ይንበረከካል።"

"አዎ፣ ይንበረከካል" አሉ ጋሽ ላርሽ።

ተያየን።

"ያውቁ ነበር?"

"እንዴታ! ብርድ ላይ ካደረ ይወርዳል። ለዚህ ነው ሙቅ ጋራዥ ውስጥ ሳሳድረው የነበረው። ለዚህም ነው በዚያ ዋጋ የሸጥኩት።"

"ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?" ድምፄ ከፍ አለ መሰለኝ።

ሽማግሌው ደነገጡ። "ጀማል፣ ሦስቴ ጠየቅኩህ። አታየውም አልኩ። መካኒክ አታመጣም አልኩ። ጥያቄ የለህም አልኩ። ሹፌር ነኝ የሚልን ሰው አታውቅም ብዬ ላስተምረው?"

የዚህ አገር ሰዎች ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት አይሉም። ጠይቅ ይሉሃል፤ ካልጠየቅክ ያወቅክ ነው የሚመስላቸው። ሕጋቸውም እንደዚያ ነው፤ መርምሮ መግዛት የገዢው ግዴታ ነው አሉ። እኔ ሳከብራቸው አልጠየቅኩም፣ እሳቸው ሲያከብሩኝ አልነገሩኝም። በማን ልፍረድ? ሀብቶም ዳቦውን ቆርሶ ጎረሰ። እንዲህ ያለ ሽምግልና አይቶ አያውቅም፤ ተከሳሹ ጥፋት የለበት፣ ከሳሹ ጥፋት የለበት፣ በሬው ግን ሞቷል። ስንወጣ ጋሽ ላርሽ አሮጌ መኪና የሚሰበስብ ሰው አድራሻ ሊሰጡኝ ተከትለውኝ መጡ። በነጻ ያነሣዋል፣ አሉኝ።

ሰኞ በብስክሌት ሞከርኩ። የሀብቶም ብስክሌት ናት፤ በረዶው ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ጣለችኝ። ፋብሪካው ደጃፍ ስደርስ ፀሐይ ወጥታ ነበር፣ ያ ማለት እዚህ አገር ረፋድ ነው። አለቃው ቡና አጠጣኝ፣ የደማ ጉልበቴን በፋሻ አሰረልኝ፣ ቦታውን ለሌላ ሰው እንደሰጠው ነገረኝ። በየቀኑ በብስክሌት እመጣለሁ ብዬ ማልኩለት። እጁን ትከሻዬ ላይ አደረገ። ያቺን የቲቬር ቃል ገና ሳይላት አውቄያታለሁ። ስመለስ ብስክሌቷን አልጋለብኳትም፤ እየገፋሁ፣ እንደ ሕፃን እያለቀስኩ ነው የገባሁት። ማን ያየኛል ብዬ!

ለሶፊያ አልነገርኳትም። ነገ ነገ እያልኩ ጁምዓ ደረሰ፣ ስልኩ ጮኸ። ብቻዋን መስላኝ አነሣሁት፤ ቤቱ ሞልቷል። ጎረቤቱ፣ ዘመዱ፣ መሐል ላይ አባባ ከድር ነጭ ቆባቸውን ደፍተው።

"ለመኪናው ዱዓ ልናደርግለት ነው የተሰበሰብነው" አሉኝ። "በል እስቲ አሳየን።"

"አባባ፣ ውጭው በጣም ይበርዳል።"

"እኛን አይበርደንም!" ቤቱ ሳቀ።

ምን ልበል? ወጣሁ። ስልኩን አዞርኩት። ማሻአላህ፣ ማሻአላህ አሉ። አባባ ከድር እጃቸውን ዘረጉ። "የሚሰበስብ ያድርገው። የተለያየውን የሚያገናኝ ያድርገው። ልጄንና የልጅ ልጄን በሰላም የሚያስገባ ያድርገው።" አሚን አሉ ሁሉም። እኔም አሚን አልኩ። እንደዚያ የከበደኝ አሚን የለም።

ሂክመት ስልኩን ነጠቀች። የፊት ጥርሷ ወልቋል።

"አባዬ፣ የኔ ወንበር የቱ ነው?"

"ከኋላ፣ መስኮቱ ጋ።"

"አባዬ፣ መኪናው ለምን ቁጭ አለ?"

"በረዶው ነው ልጄ። በረዶው ቀብሮት ነው።"

"በረዶው እኮ ትንሽ ነው። አስነሣው እስቲ፣ ሲቆም እንየው።"

"አስነሣው! አስነሣው!" አለ ቤቱ በሙሉ።

ሶፊያ ስልኩን ከልጅቷ ቀስ ብላ ወሰደች። የሹፌር ሚስት ናት፤ መኪና ሲታመም አጠገቤ ቆማ ባትሪ ያበራችልኝ እሷ ናት። መጀመሪያ ገላው የዋጠውን ጎማ አየች። ከዚያ እኔን አየችኝ፣ ረጅም ጊዜ። ምንም አልጠየቀችኝም።

ድንገት ፊቷን ወደ ሰዉ አዙራ "ወይኔ፣ ኔትወርኩ ሄደ!" አለች። "ጀማል? ጀማል? አይሰማኝም፣ ምስሉም ቆሟል።"

ምስሉ አልቆመም። ዓይኗ ሲሞላ፣ በሻሿ ጫፍ ስትጠርገው፣ ሁሉን አያለሁ።

"እየሰማሁሽ ነው ሶፊያ" አልኳት።

"አይሰማም" አለቻቸውና ዘጋችው።