የሀያት ፕሮፋይል

ሀያት ከጅዳ ወደ መካነ ሰላም ስትመለስ ግራ ዓይኗ ብርሃንና ጥላ ከመለየት በቀር የሚያየው አልነበረም። በሠራተኝነት በነበረችበት ቤት መታጠቢያ ክፍሉን ስታጸዳ ኬሚካሉ ፊቷ ላይ ተፈናጥሮባት ነው። ቀኙ ተረፈ ይባል እንጂ፣ ደቃቅ ጽሑፍ ሲሆንበት መስመሩ ሁሉ እርስ በርሱ ይደባለቅበታል። ይህን የሚያውቁት እናቷ ብቻ ናቸው። "አረብ አገር ሄዳ ዓይኗን ጥላ መጣች" መባሉን ፈርታ ነገሩን ዋጥ አድርጋ ያዘችው።

እዚያው ከተማ ኮምፒውተር ተማረች፤ ኮድ መጻፍም ሆነላት። ስትመረቅ ባህሩ ቀጠራት። ባህሩ መናኸሪያው አጠገብ ባለች አንዲት ክፍል ለሱቅና ለመድኃኒት ቤት ፕሮግራም የሚሠራ፣ ወሬ የማያበዛ ሰው ነው። ቢሮው ያለው ደህና ኮምፒውተር አንድ ብቻ ስለሆነ በፈረቃ ይሠሩበታል።

ኮድ የሚጽፉበት ኤዲተር ለባህሩ ዓይን የተሰናዳ ነበር፤ ደቃቅ ግራጫ ፊደል፣ ለሁለት የተከፈለ ስክሪን። ሀያት እሱ ወጣ ሲል ፊደሉን ታሳድጋለች፣ ቀለሙን ትቀይራለች። ኮቴውን ስትሰማ እየተጣደፈች ትመልሳለች። መመለሱን የረሳች ቀን፣

"ማነው ይሄን የነካካው?" ይላል ባህሩ።

"እኔ ነኝ፣ እየሞከርኩ ነበር" ትለዋለች።

አንድ ቀን ቪዲዮ ስታይ ኤዲተሩ ፕሮፋይል የሚባል ነገር እንዳለው አወቀች። ለካ የሚፈልጉትን ሁሉ አንዴ አስተካክለው፣ ስም ሰጥተው ማስቀመጥ ይቻላል፤ ከዚያ በኋላ ከአንዱ ወደ ሌላው መዝለል የአንድ ንክኪ ሥራ ነው። ለራሷ አንድ ሠራች። በጥቁር ላይ ቢጫ፣ ትልልቅና ወፋፍራም ፊደል፣ ስህተት ሲገባ ድምፅ የሚያሰማ። በሩ ሲጥ ሲል አንዴ ትነካና የባህሩ ግራጫ ተመልሶ ቁጭ ይላል።

የሚከፋው ባህሩ አጠገቧ የተቀመጠ ቀን ነው። ያን ጊዜ በእሱ ፊደል፣ ግማሹን በግምት ትጽፋለች።

መድኃኒት ቤት ያላቸው እትዬ ዘይነባ አንድ ረፋድ ላይ ጠርሙስ ይዘው ገቡ።

"አሰላሙ አለይኩም ልጆቼ። ይሄ የሳል ሽሮፕ ጊዜው አልፏል፤ የእናንተ ፕሮግራም ግን ገና ነው ይለኛል። ከከላላ ድረስ ለመጣ ሰው ልሰጥ ስል ነው ጠርሙሱን ያየሁት።"

ጠርሙሱ ላይ ያለው ቀን በፈረንጅ ነው፤ ወደ እኛ አቆጣጠር የሚለውጠው ፕሮግራሙ ነው። ያን ክፍል የጻፈችው ደግሞ ሀያት ናት።

"እስኪ ክፈቺው" አላት ባህሩ፤ ከኋላዋ መጥቶ ቆመ።

ከፈተችው። ግራጫዎቹ ፊደላት እንደ ጉም ተበተኑባት። አፍንጫዋ ስክሪኑን ሊነካ እስኪደርስ ጎነበሰች። እትዬ ዘይነባ ጠርሙሱን እንደያዙ ይጠብቃሉ።

"ምን ሆነሽ ነው?" አለ ባህሩ።

ሀያት ወደ ራሷ ፕሮፋይል ቀየረችው። ስክሪኑ ጠቆረ፤ ቢጫዎቹ ፊደላት ብቅ አሉ። ስህተቱን ለማግኘት ብዙ አልፈጀባትም። ከጃንዋሪ እስከ መስከረም መባቻ ላለ ቀን ከዓመቱ ላይ ስምንት መቀነስ ሲገባ ሰባት ተጽፏል። ሁለቱ ቁጥሮች ኪቦርዱ ላይ ጎን ለጎን ናቸው፤ ጣቷ ስቶ ነክቷል፣ ዓይኗም አላየም። አስተካክላ ሞከረችው፤ ሽሮፑ ጊዜው ያለፈበት መሆኑን በቀይ አሳየ።

"አውፍ በሉኝ እትዬ" አለች አንገቷን ደፍታ።

"አብሽሪ ልጄ። አልሐምዱሊላህ፣ ለማንም ሳልሰጠው ነው" ብለው ወጡ።

ባህሩ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ሁሉንም ነገረችው፤ ጅዳን፣ ኬሚካሉን፣ ስትደብቀው የነበረውን ፕሮፋይል።

"ለምን ቀድመሽ አልነገርሽኝም?"

"ብነግርህ ትቀጥረኝ ነበር?"

"እውነቱን ከፈለግሽ፣ የምቀጥርሽ አይመስለኝም" አላት።

ቃሉ አመማት። ቢሆንም ሊያባብላት ብሎ ስላልዋሸ ደስ አላት።

"አሁንስ?"

"አሁንማ አጠገብሽ ሆኜ የጻፍሽውን ሁሉ እንደገና እንየው። በአንቺ ፊደል።"

ቀኑን ሙሉ ሲያዩ ዋሉ። በአንድ የአጅባር እህል ነጋዴ ፕሮግራም ውስጥ ሌላ ስህተት አገኙ፤ ባህሩ ራሱ ደውሎ ይቅርታ ጠየቀና አስተካከሉት።

በማግስቱ እናቷን አስከትላ ደሴ ሄደች። ሐኪሙ ግራው የሚመለስ አለመሆኑን ሳይሸፋፍን ነገራት፤ ለቀኙ መነጽር አዘዘላት። ከተማው አንድ ሰሞን አወራ፤ እናቷም በወሬው ተበሳጩ፤ ከዚያ ሌላ ወሬ መጣ።

ዛሬም እዚያችው ክፍል ትሠራለች። ኤዲተሩን በየተራ ወደየራሳቸው ፕሮፋይል ይቀይሩታል። ባህሩ መቀየሩን ረስቶ ሲቀመጥ ቢጫው ፊደል ዓይኑን ይወጋውና "ወይ ጉድ!" እያለ ያጉረመርማል። በዚህ ሳምንት ማሻ ላለ የንብ ማር ማኅበር የጻፈችውን ፕሮግራም ይዞ የሄደው እሱ ነው፤ ሀያት ቢሮውን ይዛ ቀርታ የሚቀጥለውን ጀምራለች።