ፍሬንና ሚሊሜትር በአንድ ቡድን

ሰፈሩ ሁሉ «ሚሊሜትር» ነው የሚለው። እውነተኛ ስሙን የሚያስታውሱት መታወቂያውና እናቱ ብቻ ናቸው፤ እናቱም ካልተናደዱ አይጠሩበትም።

አናጢ ነው። ወንበር ሲቀርብለት መጀመሪያ ያነቃንቀዋል፣ ቀጥሎ ጎንበስ ብሎ እግሮቹን ያያል፣ ከዚያ በኋላ ነው የሚቀመጠው። ሰው ቤት የተሰቀለ ፎቶ ዘንበል ብሎ ካየ ጨዋታ አይሰማም፤ አፉ «እህ» እያለ ዓይኑ ግድግዳው ላይ ይቀራል። በወጣትነቱ አንዲት ልጅ ወድዶ ከአባቷ ጋር ሊተዋወቅ ሄዶ ነበር። አባትየው በሩን ሲከፍቱለት፣ ገና እንደምን ዋሉ ሳይል፣ «ማጠፊያው ላልቷል» አላቸው። በሩን የገጠሙት ራሳቸው ነበሩ። ልጅቷ አሁን የሦስት ልጆች እናት ናት፤ ከሌላ ሰው።

እንዲህ ሆኖ ሳያገባ ቀረና ቅዳሜ ቅዳሜ ምሳውን የሚበላው ታናሽ እህቱ ቤት ሆነ። እናታቸውም የሚኖሩት እዚያው ነው። እህትየው አዋላጅ ነርስ ናት፤ ስትስቅም ስትቆጣም ድምፅዋ አንድ ነው። ባሏ የመኪና መንዳት አሰልጣኝ ነው። ሙያው እግሩ ላይ ወጥቶበታል፦ ሰው ድምፁን ከፍ ካደረገ ወይም ብርጭቆ ወደ ጠረጴዛው ጠርዝ ከተጠጋ፣ ቀኝ እግሩ ከጠረጴዛው ሥር የሌለ ፍሬን ይረግጣል።

ሁለቱ ሰዎች ጥሩ አማቾች ነበሩ። ያጣላቸው ቁም ሣጥን ነው።

ሚሊሜትር ለእህቱ ስጦታ ብሎ ቁም ሣጥን ሠራላት። መገጣጠሚያው የማይታይ፣ በሩ ሲዘጋ ድምፅ የማያሰማ፣ ልዩ ሥራ። ችግሩ የተዘጋው በር ራሱን በራሱ መክፈቱ ነው። አሰልጣኙ ሳቅ ብሎ፣ «ጋሼ፣ ይሄ በር የኔን ተማሪዎች ነው የሚመስለው፤ ቁም ሲሉት ይሄዳል» አለ። ቀልዱን ነው። ሚሊሜትር ግን በሥራው ቀልድ አያውቅም። ውሃ ልኩን ከቦርሳው አወጣና ወለሉ ላይ አስቀመጠ። በውስጡ ያለችው አረፋ አንድ ጥግ ሄዳ ተለጠፈች።

«ቁም ሣጥኑ ቀጥ ያለ ነው» አለ። «የጠመመው ቤቱ ነው።»

ቤቱን በእጃቸው የሠሩት የአሰልጣኙ አባት ናቸው። ከሞቱ ገና ዓመት አልሞላቸውም ነበር።

ከዚያን ቀን ወዲያ ቃል አልተለዋወጡም። ተኳረፉ እንጂ ማዕድ አልተለያዩም፤ በየቅዳሜው ፊት ለፊት ተቀምጠው ይበላሉ፣ የሚነጋገሩት ግን በእናት በኩል ነው።

«እማዬ፣ ለዚያ ሰውዬ ጨው ወዲህ አድርግ በይልኝ።»

«እማማ፣ ጨው ፊቱ ነው ያለው ይበሉልኝ።»

እናት መጀመሪያ ላይ አደራቸውን በታማኝነት ያደርሱ ነበር። ኋላ ሰለቻቸውና ማሻሻል ጀመሩ። አንድ ቅዳሜ ሚሊሜትር ቀና ብሎ አየና «ጣሪያው ሊያፈስ ነው በይው» አላቸው። እናት ወደ አማቻቸው ዞረው «ቤትህ ያምራል ይልሃል» አሉ።

አሰልጣኙ ማንኪያውን አስቀመጠ። «እማማ፣ እርስዎ መዋሸት አይሆንልዎትም።»

የካርድ ጨዋታው የመጣው በዚህ መሐል ነው። የእህትየው የሥራ ባልደረባ ወደ ሌላ ሆስፒታል ሲዛወር ከነሣጥኑ ለሷ ተወላት። ጨዋታው ስለ ልዕለ ኃያላን ነው፤ የሚበሩ፣ እሳት የሚተፉ፣ ግድግዳ ሰንጥቀው የሚያልፉ ጀግኖች። ተጫዋቹ ሲጀምር በእጁ ያሉት ተራ ካርዶች ናቸው፤ ፊሽካ የያዘ ዘበኛ፣ ሰልፍ የሚያስከብር ፖሊስ። በነሱ አቅም ከጠረጴዛው መሐል አንድ ጀግና ይቀጥርና ከካርዶቹ ጋር ይቀላቅለዋል። በዚያ ጀግና ጉልበት ደግሞ የበለጠ ብርቱ ይቀጥራል። እንዲህ እያለ የእያንዳንዱ ክምር ይፈረጥማል። በሌላ በኩል ክፉዎቹ አንድ በአንድ ወደ ከተማዋ ይገባሉ፤ ብዙ ክፉ የማረከ ያሸንፋል። ያልቻለውን ክፉ ግን ወደ ባላንጣው መግፋት ይፈቀድለታል።

ሁለቱን ሰዎች የያዛቸው ይህ የመጨረሻው ሕግ ነው። አፍ ሳይከፍቱ መደባደብ! ሚሊሜትር ሳምንቱን ሙሉ እንጨት እየላገ የሚያስበው የትኛውን ጭራቅ በአሰልጣኙ ላይ እንደሚለቅ ነበር። አሰልጣኙም ብድሩን አያሳድርም። እናት ደግሞ ጀግኖቻቸውን የሚመርጡት በመልክ ነው። «ይሄ ልጅ ከስቷል፣ ወደኔ ይምጣ» ይላሉ፤ «ይቺ እንዲህ ተራቁታ እየበረረች ብርድ ይመታታል፣ አልፈልጋትም» ይላሉ። አብዛኛውን ጊዜ የሚያሸንፉትም እሳቸው ናቸው።

አንድ ቅዳሜ ምሳ ከተነሣ በኋላ እህትየው ትንሽ ሣጥን ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

«ምንድን ነው?» አሉ እናት።

«ማስፋፊያ ነው፣ እማዬ።»

«ቤቱ ነው የሚሰፋው?»

«ጨዋታው ነው። አዳዲስ ካርድ፣ አዲስ ክፉ፣ አዲስ ሕግ።»

አዲሱ ክፉ ዶክተር ዝገት ይባላል፤ የነካው ሁሉ ይዝጋል፣ የዛገ ጀግና ከጨዋታ ይወጣል። አዲሱ ሕግ ደግሞ በጥንድ መጫወት ነው። ሁለት ሰዎች አንድ ክምር ይይዛሉ፤ አንደኛው ካርድ ሲመርጥ ሌላኛው «ተስማምቻለሁ» ካላለ ካርዱ አይወርድም።

ሚሊሜትር ወዲያው ነቃ። ወንበሩን ወደ እህቱ ሊያስጠጋ ብድግ ሲል ግን እናቱ ቀደሙት። የሴት ልጃቸውን ክንድ ጥፍንግ አድርገው ያዙና «እኔ ከልጄ ጋር ነኝ» አሉ።

«እኔስ ልጅሽ አይደለሁም እንዴ?»

«አንተ ትልቅ ሰው ነህ። ከትልቅ ሰው ጋር ተጫወት።»

ለሁለቱ የቀረው መተያየት ነበር፤ እሱንም አላደረጉም። አሰልጣኙ ሰዓቱን አየ። ሚሊሜትር የጠረጴዛውን ጠርዝ በአውራ ጣቱ ዳሰሰ። ተነሥቶ መሄድ አማረው፤ ግን ቢሄድ «ፈርቶ ነው» ይባላል። ተቀመጠ።

ተራቸው ሲደርስ ሚሊሜትር አንድ ዘበኛ አውጥቶ ወደ መሐል ገፋ። አሰልጣኙ ራሱን ነቀነቀ።

«መነቅነቅ አይቆጠርም» አለች እህትየው። «በአፍ ነው የሚባለው።»

«እማማ፣ ተስማምቷል ይበሉልኝ» አለ አሰልጣኙ።

«በአማላጅም አይሆንም» አለች።

ተራቸው አለፈ። ሁለተኛውም እንደዚያው። በሦስተኛው ዶክተር ዝገት የከተማዋን ድልድይ አዛገው፤ እናትና ልጅ ግን ሦስት ክፉዎች ማርከው ፊታቸው ደርድረዋል። እናት የማረኳቸውን እያዩ፣ «ይሄኛው እንኳ ክፉ አይመስልም፤ ጓደኛ ነው ያበላሸው» ይላሉ።

ሚሊሜትር ሽንፈት ሲያንቀው የአንገቱ ሥር ይቀላል። ካርዱን በድጋሚ ገፋው። አሰልጣኙ ጣሪያውን አየ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ከዚያ ለጣሪያው የሚነግር ይመስል፣ «ተስማምቻለሁ» አለ።

«ምን አልክ?» አሉ እናት፤ ሰምተዋል።

«ተስማምቻለሁ!»

እህትየው ፊቷን ወደ ካርዶቿ ቀበረች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ጨዋታው መሄድ ጀመረ፤ መሄድ ከተባለ። ሁለቱም ጥንቁቅ ሰዎች ናቸው። አንዱ ሁለቴ ካልለካ አይቆርጥም፣ ሌላው መስቀለኛ መንገድ ላይ ባዶ አስፋልት እያየ «ይለፉ» የሚል ሰው ነው። አንዱ ጀግና ሊያዘምት ሲል ሌላው «ገና ነው» ይላል፤ ሌላው ሊያዘምት ሲል አንዱ «ይቆይ» ይላል። እጃቸው ላይ ሰማይን የምትሰነጥቅ «እመቤት ነጎድጓድ» የምትባል ጀግና ይዘው ከተማዋ ዓይናቸው እያየ ዛገች።

«አሁን እናውርዳት» አለ በመጨረሻ ሚሊሜትር።

«ቀኝና ግራውን ሳናይ?»

«ምኑን ነው የምናየው? ከተማ አልቀረም እኮ!»

«አንተ መቼም የሰው ቤት ሲፈርስ ደስ ይልሃል» አለ አሰልጣኙ፤ ከጠረጴዛው ሥር እግሩ ወለሉን ሲመታ ተሰማ።

ሚሊሜትር ካርዶቹን በግንባራቸው ደፋቸው።

«እኔ አባትህን አልሰደብኩም። ወለል ነው ያልኩት።»

«ወለሉን ማን ሠራው?»

«ወለል አባት የለውም! ወይ ቀጥ ያለ ነው ወይ አይደለም!»

«ገና እንባችን ሳይደርቅ ነበር ውሃ ልክ ይዘህ የመጣኸው!»

«ከቦርሳዬ ተለይቶ አያውቅም፤ ላንተ ብዬ አላመጣሁት!»

እናት እጃቸውን አነሡ። «እናንተ ልጆች፣ ሰዎቹ እያለቁ ነው» አሉ ወደ ከተማዋ እያመለከቱ። እህትየው በክርኗ ነካ አደረገቻቸው። «ተያቸው እማዬ፣ ምጥ ላይ ናቸው። አሁን ከተነኩ ምጡ ይመለሳል።»

የአሰልጣኙ ድምፅ ዝቅ ብሎ መጣ።

«ሳንቃውን የያዝኩት እኔ ነኝ።»

«የቱን ሳንቃ?»

«ወለሉ ሲፈስ። አባቴ ሲሚንቶውን ሲያለብስ የማስተካከያውን ሳንቃ ጫፍ ቀጥ አድርገህ ያዝ ብሎኝ ነበር። ልጅ ነበርኩ፤ እጄ ዛለ። ትንሽ ዝቅ አደረግኩት። አባቴ አላየም፤ ወይ አይቶ ዝም ብሏል። አላውቅም።» የእጁን መዳፍ ገልብጦ አየው። «አረፋዋ ስትሄድ የሱን ሥራ አይደለም ያየሁት፣ ጋሼ።»

«ጋሼ» የምትለዋን ቃል ሚሊሜትር ከዚያ ቁም ሣጥን ወዲህ ከዚህ አፍ አልሰማትም። መልስ ፈለገ፤ እንጨት ቢሆን ኖሮ የት እንደሚቆርጠው ያውቅ ነበር። ብዙ ፈልጎ ያገኘው እውነቱን ነው።

«እኔም ቁመቱን ለካሁ፣ ጎኑን ለካሁ፣ የበሩን ውፍረት ለካሁ» አለ። «ወለሉን አልለካሁም። አናጢ ሲባል መጀመሪያ የሚያየው ዕቃው የሚቆምበትን ነው። አፈርኩና ባንተ ላይ ወጣሁ።»

አሰልጣኙ ቀስ ብሎ ቀና አለ። «ወለሉን አልለካህም?»

«አልለካሁም።»

«አንተ? ሚሊሜትር?»

«እንግዲህ አታዋርደኝ!»

መጀመሪያ የሳቁት እናት ናቸው። ከዚያ አሰልጣኙ፤ ሳቁ ሲመጣበት ሁለቱም እግሮቹ ፍሬን ረገጡ። ሚሊሜትር ሳቁን ሊይዝ ሞከረና አፍንጫው አሳበቀበት።

እመቤት ነጎድጓድን ያኔ አወረዷት። «ተስማምቻለሁ!» አለ አንዱ፤ «እኔም!» አለ ሌላው፤ ሕጉ የማይጠይቀውን። ጀግናዋ ሰማዩን ሰነጠቀችና ዶክተር ዝገትን ሳታ አንድ ኪስ አውላቂ መታች። እናትና ልጅ አሥራ አንድ ክፉ ማርከው ጨረሱ፤ ሁለቱ ወንዶች አንድ ኪስ አውላቂ። ሚሊሜትር ግን የኪስ አውላቂውን ካርድ ሸሚዙ ኪስ ከትቶ ሊሄድ ሲል እህቱ በር ላይ ያዘችው።

ከዚያ በኋላ ጥንድነታቸው ጸና፤ ማሸነፍ ግን አልመጣም። በእያንዳንዷ ካርድ ላይ ጉባኤ ይቀመጣሉ፤ ተስማምተው ሲጨርሱ ጨዋታው አልቆ ያገኙታል። እህትየው ጆሮዋን ይዛ፣ «ምን ብዬ ነው ያስፋፋሁት፣ ሲኮራረፉ ቤቱ ሰላም ነበር!» ትላለች።

ነገሩ በካርድም አላበቃም። አሰልጣኙ አንድ ሰኞ የሚሊሜትር የእንጨት ሥራ ቤት ድረስ መጥቶ የመኪናውን ጡሩምባ ነፋ። ሚሊሜትር በዚህ ዕድሜው መሪ ጨብጦ አያውቅም ነበር፤ ሳንቃውን በጋሪ ነው የሚያስወስደው። «ግባ» አለው። «በሹፌሩ በኩል።»

ለሁለት ወር ያህል የሰፈሩ መንገድ ታገሣቸው። ሚሊሜትር ለእግረኛ ይቆማል፣ ለብስክሌት ይቆማል፣ ለቆመ መኪናም ይቆማል። የመጀመሪያው ፈተና ላይ አንዲት ሴት መንገድ ልታቋርጥ መስላው ቆመ። ሴትየዋ ሰው እየጠበቀች ነበር። እሱም ጠበቀ። የጠበቀችው ሰው መጣ፣ ሰላም ተባባሉ፣ ወሬ ጀመሩ። ፈታኙ መስኮቱን ከፍቶ፣ «አባቴ፣ እነዚህ ሰዎች የሚሻገሩ አይመስለኝም» ሲለው፣ ሚሊሜትር «ሐሳባቸውን ቢቀይሩስ?» አለ። ወደቀ።

አሰልጣኙ ፈታኙን የመፈተኛው ቢሮ በረንዳ ላይ ጠብቆ ተከራከረለት። እንዲህ ያለ ጥንቁቅ ሹፌር በዕድሜው እንዳላየ፣ ይህ ሰው መውደቁ ለእግረኛ ሁሉ ኪሳራ መሆኑን ተናገረ። ፈታኙ «ምንህ ነው?» ብሎ ጠየቀው።

«ወንድሜ ነው» አለ።

ሚሊሜትር መኪናው ውስጥ ሆኖ ሰማ። ሞተሩ ጠፍቶ ነበር፤ እሱ ግን የሚያደርገው ቢጠፋው መሪውን በሁለት እጁ እንደጨበጠ ወደ ፊት እያየ ቆየ።

ሁለተኛውን ፈተና አለፈ። አሁን እናቱን ለሕክምና ቀጠሮ የሚያደርሰው እሱ ነው፤ በእህቱ ባል መኪና፣ አሰልጣኙ ከጎኑ ተቀምጦ። እናት ከኋላ ሆነው እየቀደሟቸው የሚያልፉትን ጋሪዎች እንደ ልጅ ይቆጥራሉ።

«እማዬ፣ ፍጠን ካልሽኝ እፈጥናለሁ» ይላል ሚሊሜትር በመስታወቱ እያያቸው።

«ምን አስቸኮለህ» ይላሉ። «እናንተ በየመስቀለኛው መንገድ እስክትስማሙ እኔም ድኜ እደርሳለሁ።»