ሻጋታ የማይበላው

በጣሊያን ጊዜ የሞላሌ ሴቶች የጦር ሰፈሩን የወይን ጠጅ በርሜል እንድናጥብ ታዘዝን። ባለቤቴ ዱር ቤቴ ብሎ ወጥቷል፤ ብቀር ይጠረጥሩኛል ብዬ ፈርቼ ሄድሁ። ትንሿን ልጄን የምተውበት ስላልነበረኝ አስከተልኋት። ልጄ ግራኝ ናት። ለሰው በግራ እጅ መስጠት ስድብ ነው፤ ሹሞቹ ይመቷታል ብዬ ግራ እጇን በመቀነት ከወገቧ ጋር አሰርሁት። በእኛ አገር ግራኝ ልጅ ቀኟን እስክትለምድ እንዲያ ትደረጋለች።

በርሜሉን ስንፍቅ ከውስጡ እንደ ጨው ያለ ቀይ ቅርፊት ይረግፋል። የሰፈሩ መድኃኒት ቀማሚ፣ ሽበታም ጣሊያን፣ እንዳንደፋው ከለከለን። ከመረብ ማዶ የመጣው አስተርጓሚው «የወይኑ ኮምጣጣነት ነው፣ ደርቆ ነው» አለን።

ቀማሚው የልጅ ዓይን ይሻላል ብሎ ልጄን ጠራት። የታሰረውን እጇን አይቶ ራሱ ፈታላት። ነጠላዬን ፊቴ ላይ ሳብሁ። ከዚያ ቀደም ሲል ከሰበሰበው ቅርፊት በብዙ እሳት ያወጣቸውን የሚያብረቀርቁ ደቃቅ ጠጠሮች በሳህን አቀረበላትና በማጉያ መስተዋት እያየች እንድትለያቸው አዘዛት።

«ሁሉም አንድ አይደሉም እንዴ?» አልሁ።

«እንደ ሁለቱ መዳፎችሽ ቀኝና ግራ ናቸው እናቴ» አለ አስተርጓሚው። «ይመሳሰላሉ፤ ግን ቀኙን በግራው ላይ ብታነጥፊው አይገጥምም። ወይኑ በራሱ የሚያወጣው ቀኙን ብቻ ነው። ግራው በእሳት የመጣ ነው።»

በፍርድ ቀን ፍየሎቹ በግራ እንደሚቆሙ ከቄሱ ሰምቻለሁ። «ታዲያ ግራው መርዝ ነው?»

«ኧረ፣ እኩል ነው የሚኮመጥጠው። የሚለየው ሻጋታ ነው፤ ቀኙን ይበላና ግራውን ይተወዋል።»

«ሻጋታም ተጸየፈው በሉኛ» አለች ጎረቤቴ ከበርሜሉ ውስጥ። ሴቶቹ ሳቁ።

ልጄ ለይታ ጨረሰችና ሳህኑን ለነጩ ሰውዬ ሰጠችው፣ በግራዋ። ጥፊውን እየጠበቅሁ ዓይኔን ጨፈንሁ። እሱ ግን ተቀብሎ በቋንቋው አመሰገናት። ጎተራችንን ያቃጠሉት ወገኖቹ ናቸው፤ እኔ ያሰርሁትን የልጄን እጅ የፈታው እሱ መሆኑ አንገቴን አስደፋኝ።

ወደ ቤት ስንመለስ ጎረቤቴ «እሰሪያት እንጂ፣ መንገዱ ሰው ነው» አለችኝ።

መቀነቱን አወጣሁ። ልጄ ሁለቱንም እጆቿን ዘረጋችልኝ።

«እምዬ፣ ቀኙን ብታስሪውስ? ሻጋታ የሚበላው እሱን አይደል?»

ቀና ብዬ ላያት አልቻልሁም። ጎንበስ እንዳልሁ አሰርሁት፣ ያንኑ ግራውን፤ ላላ አድርጌ ግን። ቤት ሳንደርስ ፈትታው፣ መቀነቱን በግራ እጇ እያወዛወዘች ከፊቴ ትሄድ ነበር። ያላየሁ መሰልሁ።