ለዝናብ የለበስኩት ማቅ

ባለፈው ቅዳሜ የልጄ ልጅ አስካለ ከገበያ ሁለት ካፖርት ይዛ መጣች። አንዱን ልትገዛ፣ ሌላውን ልትመልስ ከነጋዴው ጋር ተስማምታለች። ሰኞ ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብሎ ባለው ተራራ ላይ የእርከን ሥራ ትጀምራለች፤ ክረምቱም ገብቷል። አንደኛው ካፖርት ሰማያዊ፣ ሲነኩት የሚንኮሻኮሽ ነው። ሌላው ያረጀ ጥቁር ሱፍ ነው።

«እማማ፣ የቱ ይሻላል?»

ሁለቱንም ገለበጥኳቸው። የሰማያዊውን ስፌት ሳብ ባደርገው ክሩ እጄ ላይ ተበጠሰ። ጥቁሩ ላይ ውሃ ረጨሁበት፤ ጠብታው ሳይሰርግ ላዩ ላይ ቆመ። «ይሄ» አልኳት።

እናቷ ከጓዳ ብቅ አለችና «ውይ ጥቁር! ማን ሞተባት ይሉናል» ብላ ሳቀች። የልጄ ሚስት ክፋት የላትም። እኔ ግን አልሳቅኩም። ያንን ጥያቄ በልጅነቴ ተጠይቄዋለሁ፤ የጠየቀችኝ ሴት ግን አልሳቀችም ነበር።

እኔ የተወለድኩት ጮቄ ተራራ ሥር ነው። እዚያ ገብስና ድንች እንጂ ጤፍ አይበቅልም፤ ጠዋት ጠዋት ሣሩ በውርጭ ነጭ ይሆናል። በእኛ አገር ማቅ የሥራ ልብስ ነበር። ከጥቁር በግ ጠጉር ይፈተላል፣ ይሸመናል፣ ከዚያም በሙቅ ውሃ እየተረገጠ እስኪጠብቅ ድረስ ይታሻል። አራሹም ይለብሰዋል፣ እንጨት የምትለቅመውም ትለብሰዋለች፤ ማንም ማንንም ማን ሞተብህ አይለውም። ስዳር እናቴ የራሷን ፈትል አሠርታ አንድ ማቅ ሰጠችኝ።

የተዳርኩት ግን ወደ ደምበጫ፣ ጥጥ ወደሚለብሱበት አገር ነው። እዚያ ማቅ የሐዘን ልብስ ብቻ ነው። ባሌን ይግዛውን ያሳደገችው ታላቅ እህቱ ይታይሽ ነበረች፤ ከትዳሯ ፈትታ ከተመለሰች ወዲህ የቤቱ አዛዥ እሷ ናት። ጓዜ ሲፈታ ማቁን በሁለት ጣቷ አነሳችው።

«ይሄን የሬሳ ጨርቅ ከቅርጫቱ ሥር ቅበሪልኝ። ወንድሜ በሕይወት አለ።»

«ተያት እታለም፣ አገሯ ብርድ ነው» አለ ይግዛው እየሳቀ። እኔም ከሥር ቀበርኩት።

ጣልያን ገባ። ይግዛው በየካቲት ጠመንጃውን ይዞ ዱር ገባ። በግንቦት ጣልያን የሚያሠራው መንገድ እኛ ዘንድ ደረሰና ጭቃ ሹሙ ከየቤቱ አንድ ጤነኛ ሰው ይውጣ ብሎ አዘዘ። ያን ዕለት ይታይሽን ጉልበቷን አመማት። ገበያ ስትሄድ አሟት አያውቅም።

«አንቺ የደጋ ልጅ ነሽ፣ ብርድ አይደፍርሽም» አለችኝ።

ድንጋይ ተሸክመን እናመጣለን፣ ቁጭ ብለን ጠጠር እንሰብራለን። ረፋዱ ላይ ፀሐዩ አናት ይበሳል፤ ከቀትር በኋላ በረዶ ይወርዳል። በአንድ ቀን ውስጥ በጋም ክረምትም ነው። እዚያ ነው ልብስ ማለት ምን እንደሆነ የተማርኩት። ከጣልያን ሱቅ የሚመጣው አቡጀዲ ሲገዙት ያብለጨልጫል፤ አንድ ዝናብ ሙጫውን ሲያጥበው ግን ወንፊት ይሆናል። ቡልኮ ውሃ ሲጠጣ ሰው ያዘልሽ ያህል ይከብዳል። ከሣር የሚጎነጎነው ገሳ ከብት ለሚጠብቅ፣ ቆሞ ለሚውል ሰው ደግ ነው፤ ለድንጋይ ጎንበስ ስትይ ግን አናትሽ ላይ ይገለበጣል፣ ጀርባሽን ለዝናቡ ይሰጠዋል። የበግ ለምድ ረጥቦ ሲደርቅ እንደ ጣውላ ይገተራል።

ያን ጊዜ ነፍሰ ጡር ነበርኩ። ለማንም አልተናገርኩም። በዚያ ቤት የተናገርኩት ነገር ሁሉ ተመልሶ እኔኑ ይወጋኝ ነበር።

ሰኔ ላይ አጠገቤ ጠጠር የምትሰብር አንዲት ነፍሰ ጡር በረጠበ ቡልኮ ስትንቀጠቀጥ ዋለች። በማግስቱ አልመጣችም። ፅንሱ ወረደ አሉ። ማታ ይታይሽን ለመንኳት። ከአባታቸው የቀረ ጥሩ የሱፍ በርኖስ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ አቧራ ይጠጣል።

«እትዬ፣ ይቺን ክረምት ብቻ ያውሱኝ።»

«የአባቴን በርኖስ ጭቃ ላይ ልታንከባልዪው? ወንድሜ ሲመለስ የሚለብሰው ነው።»

ጠዋት ቅርጫቱን ገልብጬ ማቁን አወጣሁ። በሩ ላይ ቆመችብኝ።

«ማን ሞተብሽ?»

«ማንም። ለዝናቡ ነው።»

«በወንድሜ ላይ ሞት ልትጠሪበት ነው? አውልቂ!»

«በርኖሱን ይስጡኝና ላውልቅ።»

አልሰጠችኝም፤ እኔም አላወለቅኩም።

ያ ማቅ ዝናቡን እያንሸራተተ ወደ መሬት ይጥለው ነበር። ሽታው የእርጥብ በግ ሽታ ነው፤ ለእኔ ግን የእናቴ ቤት ሽታ ነበር። ውስጤ ደረቅ ሆኖ ይውላል፤ ቆሎዬን እንኳ እጉያዬ ይዤ ሳይረጥብ እበላዋለሁ። ሆዴንም ሸፈነልኝ። የሥራው አለቃ፣ የጣልያኑ ካቦ፣ አንድ ቀን ጫፉን ዳሰሰና «ቦኖ» አለ፤ ጥሩ ነው ማለቱ ነው። ጠላት በመዳሰስ ያወቀውን ይታይሽ ሳታውቀው ቀረች።

ነሐሴ ላይ፣ ከሥራ ስመለስ፣ ጩኸቱን ከወንዙ ማዶ ሰማሁት። ይግዛው ተመትቶ ወድቋል። ሰው መርዶ ሲሰማ ልብሱን ይቀይራል። እኔ የምቀይረው አልነበረኝም፤ ለብሼው ነበር። እንደለበስኩት እቤት ደረስኩ። ይታይሽ ለቀስተኛው መሐል ብድግ አለች።

«መጣችላችሁ! ቀድማ የለበሰችለት! ሐዘንሽንማ ክረምቱን ሙሉ ተወጣሽ፤ አሁን አውልቂ!»

እሷው ጎትታ አወለቀችኝ፤ ማቁን ደጅ ጭቃው ላይ ጣለችው። በስስ ነጭ ቀሚስ ቆሜ ቀረሁ። ሴቶቹ ሁሉ ሆዴን አዩት። አንዷ «እሰይ፣ ዘር ትቶ ነው የሄደው» ማለት ጀምራ ነበር። ይታይሽ ቀደመቻት።

«የካቦው ይሆናል።»

ከዚያ ሁሉ ሴት «ኧረ ተይ» ያላት የለም። በባሌ ለቅሶ ላይ ነጭ ለብሼ የተቀመጥኩት እኔ ብቻ ነበርኩ። ለቅሶው ሲያበቃ ሂጂ ተባልኩ። ማቄን ከጭቃው አነሳሁና ሽቅብ ወደ አባቴ አገር በእግሬ ወጣሁ። ልጄን እዚያ ወለድኩት፤ በዚያው ማቅ ጠቀለልኩት። እስከ ዛሬ ከአባቱ መሬት አንዲት ጥማድ አላረሰም።

ከዚያ ወዲያ በሁለተኛው ክረምት ገብስ ይዤ ደምበጫ ገበያ ወረድኩ፤ ልጄን አዝያለሁ። ከቤቱ ሌላ የሚወጣ ሰው ስላልቀረ ይታይሽ መንገድ ሥራ ወጥታ ነበር። ዝናብ እየዘነበ ጠጠር ትሰብራለች። የለበሰችው ማቅ ነው። የይግዛው ሙት ዓመት ካለፈ ቆይቷል፤ ሌላው ዘመድ ሁሉ አውልቋል።

«ምስኪን፣ ወንድሟን እንዴት ብትወደው ነው!» አለች አብራኝ የምትሄድ ሴት።

ጠጋ ብዬ የማቁን ጫፍ አነሳሁት። ወፍራም ነው፣ በደንብ የታሸ።

«እትዬ፣ ይሞቃል?»

ቀና አለች። «ለወንድሜ ነው» አለችኝ።

«አውቃለሁ። ዝናብስ ያስገባል?»

ዓይኗ ጀርባዬ ላይ ያለው ልጅ ላይ አረፈ። ግንባሩ የይግዛው ግንባር ነው፤ ዕውር እንኳ ዳስሶ ያውቀዋል። እሷም አወቀችው። ማቁን ወደ ራሷ ሰብሰብ አደረገችና መዶሻዋን አነሳች።

ሐዘኗ ከመንገዱ ሥራ ጋር አብሮ አለቀ። ጣልያን ሲወጣ አወለቀች። አርጅታ ስትሞት ቀብሯ ላይ ነበርኩ። አልቃሿ «ለወንድሟ ሁለት ክረምት ማቅ የለበሰች» እያለች ስታወድሳት ሰው ሁሉ ተንሰቀሰቀ። እኔን ያየኝ ሰው ዓይኔ ደረቅ ነው ብሎ ታዝቦኝ ይሆናል። ይታዘበኝ። እሷ ለዝናብ ለብሳ የሐዘን ስም ወጣላት፤ እኔ ለዝናብ ለብሼ የገዳይ ስም ወጣልኝ። ከልጄ አባት ሐዘን ላይ ድርሻዬን የወሰደችብኝን ሴት ይቅር በያት የሚሉኝ ካህን አሉ። በርኖሱን ግድግዳው ላይ አላዩትም።

ሰኞ ጠዋት ካፊያ ነበር። አስካለ ጥቁሩን ካፖርት ለብሳ በሩ ላይ ቆመች።

«እማማ፣ ማን ሞተብሽ ካሉኝስ?»

«ማንም፣ ለዝናብ ነው በያቸው።»

«ካላመኑኝስ?»

አንገቷ ሥር ያለውን ቁልፍ ቆለፍኩላት።

«አያምኑሽም» አልኳት። «አታውልቂው።»