ጥቁሩ ወፍ ብቻውን ሲዘፍን

«ቢንቲ፣ ልጄ፣ መጋዘኑ ውስጥ ማነው ያለው?» አለችኝ አሮጊቷ ድንገት...

በ2006 ነው፣ ዐረብ አገር፣ አቡ ዓሪሽ የምትባል ከተማ። የማስታምማት አሮጊት ዓይነ ስውር ናት፤ በዐረብኛ «አያቴ» ለማለት ጅዳ እላታለሁ። ውጭ ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ የሌለው ሐበሻ ሁሉ እየታፈሰ ነው። እኔ ወረቀት አለኝ፤ ጓደኛዬ ዘይነባ ግን የላትም። እና ቤተሰቡ ሳያውቅ ጓሮ ያለው አሮጌ መጋዘን ውስጥ ደብቄያታለሁ። የጅዳ ልጅ ቢሰማ አለቀልን።

ታዲያ ዓይኗ የማያይ ሴት በምን አወቀች? በወፍ።

መጋዘኑን ተጠግቶ የበቀለ ሮማን አለ። የአበባውን ወለላ ሊጠጡ ሁለት ዓይነት ትንንሽ ወፎች ይመላለሳሉ። በቴሌቪዥን የምታዩትን ሃሚንግበርድ ይመስላሉ፤ እነዚህ ግን አየር ላይ ቆመው ሳይሆን ቅርንጫፍ ይዘው ነው የሚጠጡት። አንዱ ሆዱ ቢጫ፣ ጭራው ረጅም። ሌላው ጥቁር ሆኖ ፀሐይ ሲያገኘው አረንጓዴ ያብለጨልጫል። እኔ በመልክ እለያቸዋለሁ፣ ጅዳ በድምፅ።

«ባለ ጭራው ሰው ባለበት አይዘፍንም» አለችኝ። «ጥቁሩ ሰው አይፈራም። ሰሞኑን የምሰማው ጥቁሩን ብቻ ነው።»

«ጓደኛዬ ናት፣ ወረቀት የላትም» አልኳት።

«ለልጄ አልነግረውም። ያላ፣ በይ ምሳዋን ውሰጂላት።»

ዘይነባ ግን መደበቁ ሰለቻት። «ኸላስ፣ በቃኝ፣ እጄን ሰጥቼ አገሬ ልግባ» ብላ ወጣች። የፖሊስ መኪና ላይ ስትሳፈር በዓይኔ አይቻለሁ።

በማግስቱ ጅዳ «ምሳ አልወሰድሽም?» አለችኝ።

«ጅዳ፣ ሄደች እኮ።»

ጆሮዋን ወደ ጓሮ አዘነበለች። «ጥቁሩ ብቻውን ነው የሚዘፍነው። ሰው አለ።»

ደስ ይበላት ብዬ ነጭ ሩዝና የተጠበሰ ዶሮ ይዤ ሄድኩ። የዘይነባ ፍራሽ ባዶ ነው። ከኋላው እስከ ጣሪያ የተከመረ አሮጌ ዕቃ አለ። ሳህኑን አስቀምጬ ወጣሁ።

ከሰዓት ስመለስ ሩዙ የለም... ዶሮው አለ።

ድመት ብትሆን ዶሮውን ነበር ይዛ የምትሮጠው። ዶሮው ግን ሳይነካ ሳህኑ ጥግ ላይ ተገፍቷል። ዶሮው የነካው ሩዝ እንኳ ሳይበላ ከሥሩ ቀርቷል።

ያኔ ነው የገባኝ። የነቢያት ጾም ነበር። እኔም ጥብስ ከሰጡኝ እንዲሁ ነው ወደ ጥግ የምገፋው።

«ማነው?» አልኩ በአማርኛ። ከክምሩ ኋላ ሰው ትንፋሹን ዋጥ ሲያደርግ ሰማሁ። እግሬ አውጪኝ ብዬ ወጣሁ።

ከዚያ ወዲህ ሩዝና ምስር ብቻ አደርስ ጀመር። ሳህኑ ታጥቦ፣ ተደፍቶ ይጠብቀኛል።

ዘይነባ ከኮምቦልቻ ስትደውል ጠየቅኳት። «ማታ ማታ ትንፋሽ እሰማ ነበር... የራሴ ነው እያልኩ እተኛለሁ» አለችኝ።

ገና ሊደርስ ሲል አንድ ጠዋት ጅዳ ቀና ብላ አዳመጠች። «ባለ ጭራው ዘፈነ። ኸላስ፣ ምሳ አትውሰጂ።»

ሮጬ ሄድኩ። ሳህኑ እንደተደፋ ነው፤ ከክምሩ ኋላ ማንም የለም።

ማን እንደነበር እስከ ዛሬ አላውቅም... ገና በመጣ ቁጥር ግን ጾሙን የት ፈታው ይሆን እላለሁ።