ቁርበቱ ላይ ያሉ ከዋክብት

ጧፍ ሲጠፋ የሚተወው የሰም ሽታ ዛሬም አንኮበር፣ ወደ አባቴ ጉባኤ ቤት ይወስደኛል። አባቴ ባሕረ ሐሳብ ያስተምሩ ነበር፤ እኔም ሴት ልጃቸው ከተማሪዎቹ መካከል እቀመጥ ነበር።

አንድ ቀን ከደነባ የመጣ ተማሪ፣ «የኔታ፣ የአንኮበር ሰማይ ኮከቡ ጥቂት ነው፤ ያገሬ ይበልጣል» አለ። ማታ ጅብ ፈርቶ ኮከብ ሊያይ የወጣው ችቦ ይዞ ነበር።

አባቴ ቁርበት አመጡና በወስፌ በሳስተው በሩ ላይ ጋረዱት። ውጭ ጠራራ ፀሐይ ነው፤ ጨለማው ቤት ውስጥ ቀዳዳዎቹ እንደ ከዋክብት አበሩ።

«ቁጠር» አሉት። ሠላሳ ቆጠረ።

የበራ ጧፍ ፊቱ ላይ አስያዙትና «ድገም» አሉት። አሥራ ሁለት ላይ ቆመ።

«ሌሎቹ የት ሄዱ?»

እኔ ተነሥቼ ጧፉን እፍ አልኩት። ጥቃቅኖቹ ቀዳዳዎች ቀስ በቀስ ተመለሱ።

አባቴ እጃቸውን ራሴ ላይ ጭነው፣ «ሰማዩ አልጎደለም» አሉ። «ብርሃንም ይጋርዳል። ይህች ልጅ ገብቷታል።»

ዛሬ ልጆቼ ይስቁብኛል፤ እኔ ግን በቤቴ ጧፍ እፍ የሚል ሌላ ሰው አልፈቅድም።