ጥፋት የተፈለገላት ልጅ

በዚህ የባሕር ዳርቻ መንገድ ላይ የእኔ ቦታ ከኋላ ነው። ሊጎበኙ የመጡ እንግዶች ገደሉን ሲወጡ የደከመውን እጠብቃለሁ፣ የጣሉትን ጠርሙስ እለቅማለሁ፣ ጦጣዎቹ ቦርሳ ሲነጥቁ እየተሳደብኩ አስጥላለሁ። ከፊት እየመራች የምትሄደው ኦላንዲና ነበረች። ዕድሜዬን ጀርባዋን ሳይ ነው የኖርኩት ብል ማጋነን አይሆንብኝም፤ ቀጭን፣ ቀጥ ያለ፣ ቅርጫት ያንጠለጠለ፣ ዞር የማይል ጀርባ።

ድሮ እንዲህ አልነበረችም፤ ለፍላፊ ነበረች። አሸዋው ላይ የባሕር ኤሊ ዱካ ካየች ቆም ትልና «ይቺ ኤሊ ልክ እንደ አማቴ ናት፤ ቤቱን ሁሉ አገላብጣ፣ እንቁላሏን ጥላ፣ ሳትሰናበት ሄደች» እያለች እንግዶቹን ታስቃለች። ነጫጮቹ በቀቀኖች ከዛፍ ላይ ሲጮኹባት መልሳ ትጮህባቸዋለች። ልጇ ቤንቪንዳ ደግሞ የባሰባት ሳቂታ ነበረች። እናትና ልጅ ሲመጡ ገና ከኮረብታው ማዶ ድምፃቸው ይሰማን ነበር።

መንገዱ ሐይቁ ከባሕሩ ጋር በሚገናኝበት አፍ ላይ ይቋረጣል። ባሕሩ ሲሸሽ ውሃው ከወገብ አያልፍም፤ ወደ ማዶ መሻገሪያውም እሱ ብቻ ነው። አዞ አለበት። እኛ ግን አዞ አንለውም፣ አያታችን ነው የምንለው። ይህች ደሴት ራሷ አዞ ናት። አንድ ልጅ አዞውን በፀሐይ ከመንደድ አዳነው፣ እሱም ውለታውን ሲመልስ ልጁን አዝሎ ባሕር ለባሕር ሲያዞረው ኖረ፤ ሲያረጅም ተኛና ምድር ሆነለት። የዚያ ልጅ ዘሮች ነን። ስለዚህ ከመሻገራችን በፊት ቆመን «አያታችን፣ የልጅ ልጆችህ ነን፣ አሳልፈን» እንላለን። አያትም የልጅ ልጁን አይበላም፤ ጥፋት ካልተገኘበት በቀር። መከራችን ያለው እዚችው የመጨረሻዋ ቃል ላይ ነው።

ቤንቪንዳን የዝናቡ ወራት ሲገባ ወሰዳት። ከማዶ ከአክስቷ ዘንድ ሩዝ ይዛ ስትመለስ ነበር። ከእሷ የተገኘው አንድ እግር ጫማና ቅርጫቷ ብቻ ነው። በእኛ ዘንድ አያት የወሰደው ሰው፣ ጥፋቱ በቤተሰቡ አፍ ካልተነገረ አይለቀስለትም፤ ባዶ ሳጥን እንኳ አይቀበርለትም። መሻገሪያውም ለሰው ሁሉ እንደተዘጋ ይቆያል። የመንደሩ ቃል ጠባቂ፣ የአባቶችን ሥርዓት የሚያስፈጽመው ካይታኖ፣ ጋቢውን ተከናንቦ መጣና ኦላንዲና ደጃፍ ላይ ተቀመጠ። ክፉ ሰው አይደለም። አልተቆጣም፣ አላስፈራራም።

«ማና ኦላንዲና፣ እህቴ፣ ምን አጥፍታ ነው?»

«ምንም።»

«አያት በከንቱ አይወስድም።»

«ልጄን ታውቃታለህ እኮ! ክርስትና ያነሳሃት አንተ አይደለህ?»

«አውቃታለሁ። ግን አንድ ነገር በይ። እንድናለቅስላት አንድ ነገር በይ።»

ሴቶቹ ግቢው ውስጥ አፋቸውን በእጃቸው ይዘው ተቀምጠዋል። እንደዚያ ያለ ዝምታ የሞላበት የለቅሶ ቤት አይቼ አላውቅም፤ አያሳየኝ። ኦላንዲና ልጇ ሳይለቀስላት፣ እንደ ውሻ ልትቀር ነው ብላ ፈራች። በመጨረሻ ግድግዳውን እያየች «ከታገደው ዳርቻ ዛጎል ለቅማ ነበር» አለች። ሴቶቹ ወዲያው እሪታውን ለቀቁት።

የታገደው ዳርቻ፣ ዓሣና ዛጎሉ እንዲራባ ሽማግሌዎቹ እንጨት ላይ ቅጠል ሰቅለው የከለከሉት ነው። ያን ዓመት ጠባቂው እኔ ነበርኩ። ቤንቪንዳ በዚያ ስታልፍ ሁለት መዳፏን ዘርግታ ወደ ላይ ትሰቅልና «ማውን! ወንድም ጋሼ! እጄን እይልኝ፣ በኋላ ሌባ እንዳትለኝ!» እያለች ትቀልድብኝ ነበር። ባዶ ሳጥኗ በተቀበረ ማግስት ይህን ለኦላንዲና ነገርኳት።

«ዝም በል። ተቀብራለች» አለችኝ።

ልጅቷ ተቀበረች፣ ውሸቱ ግን አልተቀበረም። እናቶች ልጆቻቸውን ሲያስፈራሩ ያወሩት ጀመር። ዓመታት አለፉ፤ ስሟ ተረሳና «ሌባዋ ልጅ» ብቻ ቀረች። ኦላንዲና ዝም እንዳለች ከፊት ከፊት መሄዷን ቀጠለች።

ከዚያ ኔሊቶ መጣ። ዲሊ ከተማ ያደገ፣ ጨዋታ አዋቂ ወጣት አስጎብኚ ነው፤ የመንደራችንን ሙታን በስም አያውቅም። በዚያ ቀን ባሕሩ ሸሽቶ ነበር። ካይታኖ እንደ ልማዱ ለእንግዶቹ «አሳልፈን» የሚለውን ጥሪ ሊጠራላቸው መሻገሪያው ላይ ተቀምጧል። አያት ማዶ ካለው የአሸዋ ክምር ላይ አፉን ከፍቶ ፀሐይ ይሞቃል። እንግዶቹ ፎቶ ሲያነሱ ኔሊቶ ጀመረ።

«እዚህ ጋ ነው ሌባዋን ልጅ የበላት! ሁለት ቅርጫት ዛጎል ሰርቃ እየሳቀች ስትሻገር፣ አያታችን ላፍ! ከእናንተ መሃል የሆቴሉን ፎጣ የያዘ ካለ አሁኑኑ ይናገር፤ በኋላ ለቤተሰቡ የምንልከው ጫማውን ነው!»

እንግዶቹ በሳቅ ፈነዱ። ኦላንዲና ዞረች።

«ስሟ ማን ነበር?»

«የማን፣ ማና?»

«የሌባዋ።»

«ኧረ ማና፣ ተረት እኮ ነው! የተረት ሰው ምን ስም አለው?»

«ቤንቪንዳ ነው ስሟ። ልጄ ናት።»

እሷ ቅርጫቷን አሸዋው ላይ አስቀመጠችና ጥሪውን ሳትጠራ ውሃው ውስጥ ገባች። ካይታኖ «ማና! ጥሪው! ጥሪው!» እያለ ጮኸ። መሃል ላይ፣ ውሃው ወገቧ ላይ ሲደርስ ቆመች።

«አያት! እኔ ነኝ! ልጄ ምንም አልነካችም። ዛጎሉን የፈጠርኩት እኔ ነኝ፣ በሞተች ልጄ ላይ የዋሸሁት እኔ ነኝ! ጥፋተኛ ከሆነ የምትፈልገው ይኸውልህ፣ ና!»

አያት ከአሸዋው ላይ ተንሸራቶ ውሃው ውስጥ ገባ። እኔ እየጮህኩ ዘልዬ ገባሁ፤ እንዴት እንደሄድኩ አላውቀውም። ውሃው ወደ እሷ ሲሰነጠቅ አየሁ። ከአጠገቧ አለፈ። ወደ ሐይቁ ውስጥ ገብቶ ጠፋ።

«ና!» አለች። «ና እንጂ! እኔን ካልበላህ እሷን ምን ብለህ ነው? ምን አደረገችህ?»

ከዚያ አለቀሰች። በቀብሩ ቀን ያላለቀሰችው ለቅሶ ነው፤ እኔም አብሬያት አለቀስኩ። ጎትቼ ሳወጣት ካይታኖ ቀረበን።

«አያት ይቅር አለሽ፣ እህቴ።»

«እኔ ግን ይቅር አላልኩትም» አለችው።

እንግዶቹን ለኔሊቶ ትቼለት፣ ቅርጫቷን ይዤላት በዳርቻው አብረን ወደ መንደር ተመለስን። ብዙ ከሄድን በኋላ፣ የታገደው ዳርቻ ጋ ስንደርስ ቆመች።

«እጄን እይልኝ ትልህ ነበር አይደል?»

«ትለኝ ነበር።»

«እንዴት አድርጋ?»

ቅርጫቷን መሬት አስቀመጥኩና ሁለት መዳፌን ዘርግቼ ወደ ላይ ሰቅዬ አሳየኋት።